ከላሊበላ እስከ ደብረ ታቦር፤ ስለ አንድ አጭር ጉዞ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው

ላሊበላንና ደብረ ታቦርን የሚያገናኘው የመኪና መንገድ ርዝመቱ ከ200 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ከላሊበላ ተነሥቶ ወደ ደቡብ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶና አቀበት ወጥቶ ጋሸና ይደርሳል፤ ከጋሸናም ወደ ምዕራብ ታጥፎ በመቄት፥ በጨጨሆ፥ በንፋስ መውጫና በክምር ድንጋይ በኩል ደብረ ታቦር ይገባል። አገር ሰላም በሆነበት ጊዜ በማለዳ የተነሣ መኪና ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደርሳል። የታሪክና የባህል ተማሪዎች ሳይቀሩ በአብዛኛው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በላሊበላ አራትና አምስት ቀን ይቀመጣሉ፤ መንገዱን በአንድ ቀን ይጨርሱታል፤ በደብረ ታቦር አንድ ሌሊት አድረው ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር ያልፋሉ።

ይህ ልማድ ሊለወጥ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ላሊበላ የዛጉዌ ነገሥታት መዲና ነበረች፤ ደብረ ታቦር ደግሞ የየጁ መሳፍንትና የዐፄ ቴዎድሮስ ከተማ ናት። በመካከላቸው ስድስት መቶ ዓመት ያህል አለ። አንደኛዋን ከሁለተኛዋ ጋር የሚያያይዛት ነገር ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው መልሱን የሚያገኘው በመካከላቸው በተዘረጋው ደጋ ላይ ነው። በዚያ ደጋ ላይ ተማሪ፥ ተሳላሚና ወታደር ለብዙ ዘመን ተመላልሰዋል፤ ስለዚህ የጉዞው ዕቅድ ሲወጣ ማደሪያውና መቆሚያው የእነዚህን ሦስት ዓይነት ሰዎች ፈለግ የተከተለ ቢሆን ይበጃል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢው ያስታውስ።

በመጀመሪያ የምድሩን ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ከዚህ ይወጣል። ከጉና ተራራ ተነሥቶ በጋይንትና በመቄት በኩል እስከ ዋድላ ድረስ እንደ ፈረስ ጀርባ የተዘረጋ ከፍተኛ ሸንተረር አለ። በዚህ ጀርባ ላይ የወረደው ዝናም ለሁለት ይከፈላል፤ በስተ ሰሜን ያዘነበለው ወደ ተከዜ፥ በስተ ደቡብ ያዘነበለው ወደ በሽሎ ይፈስሳል። በሽሎ ዓባይን የሚያገኘው እዚሁ አገራችን ውስጥ ነው። ተከዜ ግን ረጅሙን ዞሮ በአትባራ ስም ከካርቱም በስተ ሰሜን ይቀላቀለዋል። አንድ ገበሬ በጎጆው ጣራ በስተ ግራና በስተ ቀኝ የሚያንጠባጥበው ውኃ ሱዳን ገብቶ እስኪገናኝ ድረስ ተለያይቶ ይኖራል ማለት ነው።

ሸንተረሩ ውኃ ከፋይ በመሆኑ በላዩ የሚሄድ ሰው ታላቅ ወንዝ መሻገር አያስፈልገውም። በስተ ሰሜንም በስተ ደቡብም ያለው አገር በገደልና በሸለቆ የተቈራረጠ ነው፤ ከአንዱ አምባ ወደ ሌላው አምባ ለመሄድ ግማሽ ቀን ወርዶ ግማሽ ቀን መውጣት ግድ ይሆናል። በክረምት ደግሞ ወንዙ ሲሞላ መንገዱ ፈጽሞ ይቈረጣል። ጀርባው ላይ ያለው ግን እግሩ ሳይረጥብ ከበጌምድር ወደ ዋድላ፥ ከዋድላም ወደ ላስታ አፋፍ ይደርሳል። የዛሬው የመኪና መንገድ፥ ከዚያም በፊት የነበረው የበቅሎና የእግር መንገድ፥ ይህን ጀርባ የመረጡት ሌላ ምርጫ ስላልነበራቸው ነው።

ጉዞውን ከየትኛው ከተማ መጀመር ይሻላል የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ዐፄ ቴዎድሮስ የተጓዙት ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ ነው፤ ከበጌምድርና ከጎጃም ለገና ወደ ላሊበላ የሚወርደው ተሳላሚም እንዲሁ። ፈለጋቸውን እንዳለ ለመከተል የሚሻ ሰው ከደብረ ታቦር ይነሣ። እኔ ግን ለተማሪዎች ከላሊበላ መነሣትን እመክራለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከላሊበላ የሚነሣ መኪና ከባዱን ቁልቁለትና አቀበት አየሩ ቀዝቃዛ፥ ሞተሩም ሳይግል በማለዳ ይጨርሰዋል፤ ሸንተረሩ ላይ ከወጣም በኋላ የጠዋት ፀሐይ ከጀርባው ስለምትሆን ከፊቱ ያለው አገር ጥርት ብሎ ይታየዋል።

ወራቱን መምረጥ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ያለው ጊዜ ለመኪናም ለእግርም አይመችም፤ ጉም ሸንተረሩን ስለሚሸፍነው ተጓዡ በሁለት ዓይነት ወንዝ መካከል መሆኑን እንኳ አያይም። ከመስቀል እስከ ኅዳር ገብሱ ቢጫ፥ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ስለሚጥል ጋቢ ሳይይዙ መሄድ ሞኝነት ነው። የካቲትና መጋቢት ሌላ ትምህርት ይሰጣሉ። የዋድላ፥ የደላንታና የመቄት ደገኛ በበልግ ዝናም ገብስ የሚያመርት ስለ ሆነ፥ የበልጉ መምጣትና መቅረት ለእርሱ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው፤ በዚህ ወራት የሚያልፍ ሰው ገበሬው ስለ ምን እያሰበ ሰማይ ሰማይ እንደሚያይ ይረዳል።

በዓልን አስቦ የሚሄድ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። የላሊበላ ታላቅ በዓል ገና ነው፤ ታኅሣሥ 29 ቀን (ጳጕሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን) የጌታ ልደትና የቅዱስ ላሊበላ ልደት በአንድነት ይከበራሉ። የደብረ ታቦር በዓል፥ ከተማዋም ስሟን ያገኘችበት፥ ነሐሴ 13 ቀን ሲሆን ቡሄ ጅራፍ የሚጮኽበትና ሙልሙል የሚታደልበት የክረምቱ እኩሌታ ነው። ስለዚህ ሁለቱን በዓላት በአንድ ጉዞ ማየት አይቻልም። የገናን መርጦ የሚሄድ ሰው ማደሪያ እንደሚጠበውና ነዳጅም እንደሚወደድበት አስቀድሞ ያስብ፤ የሚያገኘው ዋጋ ግን አለ፤ በሸንተረሩ ላይ በቡድን በቡድን የሚጓዙትን ተሳላሚዎች ያያል። ከመኪና ወርዶ ከእነርሱ ጋር አንድ ሰዓት በእግር መሄድ፥ ከየት እንደ ተነሡ፥ ስንት ሌሊት እንዳደሩ፥ ማን እንዳሳደራቸው መጠየቅ ከብዙ መጻሕፍት የማይገኝ ነገር ያስገኛል።

አሁን ወደ መንገዱ ልግባ። ከላሊበላ በጠዋቱ 12 ሰዓት መነሣት ይገባል። ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተሄደ የነአኵቶ ለአብ ገዳም አለ። ነአኵቶ ለአብ በትውፊት የቅዱስ ላሊበላ የወንድም ልጅና ከእርሱ በኋላ የነገሠ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም በዋሻ ውስጥ የተሠራ ሲሆን፥ ከዋሻው ጣራ የሚንጠባጠበው ውኃ በተቦረቦሩ የድንጋይ ገበታዎች እየተጠራቀመ ለጠበል ይሆናል። ተጓዡ በላሊበላ የሰው እጅ ዐለቱን እንዴት እንደ ታዘዘው ካየ በኋላ፥ እዚህ ደግሞ ሰው ዐለቱን እንዳለ ተቀብሎ እንዴት እንደ ተጠለለበት ያያል። ለዚህ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ስለ ላሊበላ ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት እዚህ አልጽፍም፤ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ያያቸው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አንባቢዎቹ እንዳያምኑት ፈርቶ እውነቱን ነው የጻፍሁት ብሎ መማሉን ማስታወስ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ሽምሸሃ ሜዳ ይወርዳል፤ የላሊበላ የአውሮፕላን ማረፊያ ያለውም በዚያ ነው። አብዛኛው የውጭ አገር ጎብኚ ከዚህ ሜዳ አያልፍም፤ በአውሮፕላን መጥቶ በአውሮፕላን ስለሚመለስ ላስታን የሚያውቃት ከላይ ሆኖ ነው። መንገዱ ግን ቁልቁል ይቀጥልና ተከዜን ይሻገራል። ተከዜ እዚህ ገና ከምንጩ ብዙ ያልራቀ፥ በበጋ ልጅ የሚሻገረው ወንዝ ነው። በዚህ ድልድይ ላይ ጥቂት ቆሞ ወደ ደቡብ የሚታየውን አፋፍ መመልከት ያስፈልጋል፤ የዋድላ ደጋ ግድግዳ ያ ነው። ከዚህ በኋላ መኪናው ጠመዝማዛውን አቀበት ተያይዞ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ወዳለችው ጋሸና ይወጣል። ቆላውና ደጋው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለዋወጣሉ፤ ግራሩ ይቀራል፥ ማሽላው ይቀራል፥ ገብስ የለበሰው ሜዳ ይከፈታል።

ጋሸና ለዓይን ትንሽ የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ለታሪክ ተማሪ ግን በዚህ ጉዞ ከጋሸና የበለጠ የሚያስተምር ቦታ የለም፤ ምክንያቱም የአገሪቱ ሁለት ታላላቅ መንገዶች በዙሪያዋ ይገናኛሉ። አንዱ ከደብረ ታቦር የመጣው የሸንተረሩ መንገድ ነው፤ ሌላው ከሰሜን፥ ከአሸንጌ ሐይቅ በላስታ ተራሮች በኩል ወርዶ ተከዜን ተሻግሮ ዋድላ ላይ የሚወጣው ነው። በ1860 ዓ.ም. ሁለቱም መንገዶች በአንድ ጊዜ ጦር ተሸክመው ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ ዓመት በመስከረም መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ከእርሳቸው ጋር ሠራዊቱ፥ ቤተሰቡና እስረኛው፥ እንዲሁም በጋፋት የተሠሩት መድፎች ነበሩ፤ ከእነዚህ ዋነኛው ሴባስቶፖል የተባለው ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል እንደ ሆነ ይገመታል። በቅሎ የሚሄድበት መንገድ ሰባት ቶን ብረት በመንኰራኵር አያሳልፍም። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ መንገድ እየሠሩ ሄዱ። ዐለት ተፈለጠ፥ ጥልቁ ተሞላ፥ ቁልቁለቱ በጠመዝማዛ ተቈረጠ። በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን እስረኞች እንደ ጻፉት ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው በገዛ እጃቸው ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር። ለደህና በቅሎ ጥቂት ቀናት የሚፈጀውን ርቀት ሲጓዙ አምስት ወር ከመንፈቅ ያህል ፈጀባቸው፤ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነበር። በዚያው መጋቢት የጄኔራል ናፒየር ጦር ከሰሜን በኩል ዋድላ ወጣ፤ ከባድ መድፎቹን ተሸክመውለት የመጡት ከህንድ የተወሰዱ ዝሆኖች ነበሩ።

ከጋሸና በስተ ደቡብ በኮን በኩል ወደ ደላንታ የሚወስደው መንገድ ወደ ቤተ ሖርና ወደ ዥጣ ሸለቆ ያደርሳል። ሸለቆው እጅግ ጥልቅ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ መድፎቻቸውን ያወረዱበትን ጠመዝማዛ መንገድ የእንግሊዝ ጦር ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አግኝቶ በዚያው ወርዶ በዚያው ወጣ፤ ከሠራዊቱ ጋር የነበሩ ጸሐፊዎችም የሥራውን ጽናት አድንቀው ጽፈዋል። በአጭሩ ንጉሠ ነገሥቱ ለራሳቸው የቈረጡት መንገድ ለጠላታቸው ድካም ማቅለያ ሆነ። የአሮጌው ጦርነት ሚያዝያ 3 ቀን ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። ጊዜ ያለው ተጓዥ ከጋሸና ወደዚያ ሸለቆ አፋፍ ሄዶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይመድብ። መቅደላ መውጣት ግን ራሱን የቻለ ሌላ ጉዞ ስለ ሆነ ከዚህ ዕቅድ ጋር መቀላቀል የለበትም፤ ሁለቱን በአንድ ላይ የሚያስብ ሰው ሁለቱንም ያበላሻል።

ከጋሸና ወደ ምዕራብ የሚሄደው የዛሬው ጐዳና የቴዎድሮስን ጀርባ ከሞላ ጎደል ይከተላል። የአገሩ ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ከጐበኙ በኋላ በተገኘው ርዳታ ከወረታ እስከ ወልዲያ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን መንገድ ቻይናውያን መሐንዲሶችና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ሠሩት፤ ሥራውም በደርግ ዘመን ተፈጸመ። ከዚያ በፊት ጋይንትና መቄት ከመኪና የተለዩ አገሮች ነበሩ። መንገዱ ምን እንደ ለወጠ፥ የትኛው ገበያ ወደ አስፋልቱ ዳር እንደ ወጣና የትኛው እንደ ሞተ፥ በየመንደሩ ሽማግሌዎችን ጠይቆ ለመመዝገብ ለሚሻ ተማሪ በቂ ሥራ አለ። የዚህ ዓይነቱ ጥናት ተከታታይነት ያለው ሆኖ መደረግ ይገባዋል፤ የመንገዱን ሥራ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች በየዓመቱ እያነሱ ናቸው።

ሸንተረሩ የወታደር መንገድ መሆኑ ግን በቴዎድሮስ ዘመን አላበቃም። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የትግራይ ኃይሎች ላሊበላን ያዙ፤ በነሐሴም በዚሁ ጀርባ ላይ በመቄትና በጋይንት በኩል ወደ ጉና ገፉ፤ ንፋስ መውጫ ለቀናት በእጃቸው ነበረች፥ ነዋሪዎቿም ብዙ መከራ ተቀበሉ፤ ደብረ ታቦር በከባድ መሣሪያ ተመታች። ጋሸና እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ድረስ ብዙ ደም የፈሰሰባት ምሽግ ሆነች። ምሽጉ የተቈፈረው ሁለቱ መንገዶች በሚገናኙበት በዚያው አካባቢ መሆኑ ለታሪክ ተማሪ አያስደንቀውም። ከክረምቱ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በመንግሥት ሠራዊትና በፋኖ መካከል በተነሣው ውጊያ ይኸው መንገድ ደጋግሞ ተዘግቷል።

ስለዚህ በዕቅዱ የመጀመሪያው መስመር ላይ መጻፍ ያለበት «መንገዱ ክፍት ነውን?» የሚለው ጥያቄ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ሰው በአዲስ አበባ የተቀመጠ ባለሥልጣን ወይም ባለመኪና አይደለም። ትናንት በመንገዱ ያለፈ ሾፌር፥ ጋሸና ሱቅ ያለው ነጋዴ፥ የደብሩ አስተዳዳሪ የሚሉት ይበልጥ ይታመናል፤ ሦስቱን ለየብቻ ጠይቆ ቃላቸው ካልተስማማ ጉዞውን ማቆየት ይሻላል። ተማሪ ይዞ የሚሄድ መምህር ይህን እንደ ግዴታው ይቍጠረው። በተጨማሪም ሰው በቅርቡ ወንድሙን በቀበረበት መንደር ገብቶ ስለ ጦርነት የሚጠይቅ ተማሪ በመጀመሪያ ለቅሶ መድረስን ይወቅ፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ጥቂት ተቀምጦ ዝም ማለት ከማንኛውም የመጠይቅ ወረቀት ይቀድማል።

ከጋሸና በኋላ ገረገርና ፍላቂት ታልፈው፥ ደብረ ዘቢጥም ታልፎ፥ ጨጨሆ ይደረሳል። እዚህ ሸንተረሩ ይጠብና በግራም በቀኝም ገደል ይሆናል። ጨጨሆ ለብዙ ዘመን የበጌምድር በር ነበረች፤ «በር» የሚለውን ቃል ደገኛው ሰው የሚጠቀምበት ለእንዲህ ያለው ጠባብ ማለፊያ ነው፤ ጠባብ ማለፊያም ባለበት ሁሉ የሚጠብቅ ሰው ይኖራል። በጨጨሆ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ስላለ በክብረ በዓሉ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስም መድፎቻቸውን እዚህ ሲያወጡ ብዙ ተቸግረው ነበር። ከመኪና ወርዶ ጠርዙ ላይ መቆም የሚገባው እዚህ ነው፤ በስተ ሰሜን የተከዜ ሸለቆ፥ በስተ ደቡብ የበሽሎ ገባሮች ይታያሉ። መልክአ ምድሩን በሥዕል ለማንሣት የሚመጣ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ በመንገዱ አያገኝም።

ንፋስ መውጫ ስሟ የሚናገረውን ያህል ነፋሻ ናት። የመጀመሪያውን ሌሊት እዚህ ማደር ይገባል፤ ሆቴሎቿ መጠነኛ ናቸው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፥ ወይም ጾም ከሆነ፥ የሚገኘው ሽሮና የገብስ ወይም የጤፍ እንጀራ ነው፤ በሶና ውኃ ይዞ የተጓዘ ሰው ግን በማንኛውም ቀን አይቸገርም። ንፋስ መውጫ ማደር የሚያስፈልግበት ዋናው ምክንያት ማረፍ ብቻ አይደለም። በማግስቱ ጠዋት የዚህን ደጋ ሁለተኛ ገጽታ፥ የተማሪውን ዓለም፥ ለማየት ከዚህ የቀረበ ከተማ ስለሌለ ነው።

እንደሚታወቀው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በአንድ ቦታ ተጀምሮ በአንድ ቦታ አይፈጸምም፤ እያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት የራሱ ታዋቂ ጉባኤ አለው። በቅኔ ስማቸው ከሚጠራው ሦስት ቤቶች አንዱ ዋድላ ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ በጎጃም ናቸው። ድጓን እስከ መጨረሻው ተምሮ ምስክር ለመሆን የሚሻ ሰው የሚሄደው ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ነው። ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ደግሞ በዚያው በበጌምድር ወዳለው ወደ ዙር አባ ይሄዳል። እነዚህን ስሞች በካርታ ላይ ያስቀመጠ ሰው ወዲያው የሚያስተውለው ነገር አለ፤ ዋድላና ቤተ ልሔም ሸንተረሩ በሚያገናኛቸው አገሮች ውስጥ ናቸው። ከላስታ የተነሣ ልጅ ንባብና ዳዊት በአገሩ ጨርሶ ለቅኔ ዋድላ ቢወጣ፥ ከዚያም ዜማውን ለማጽናት ቤተ ልሔም ቢወርድ፥ እኛ በአንድ ቀን በመኪና የምናልፈውን ርቀት እርሱ ዐሥራ አምስት ዓመት ኖሮበታል ማለት ነው።

ይህ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ለውሻ ዱላ ይዞ ነበር የሚሄደው። በየቤቱ ደጃፍ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የዕለት ምግቡን ይለምናል፤ የኔታ ባሉበት ደብር ዙሪያ በሠራት ትንሽ ጎጆ ያድራል። የገበሬው ቤት የሚሰጠው ቁራሽ የትምህርቱ ደመወዝና ቀለብ መሆኑን በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ስለ መካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ተማሪዎች ሲወራ እየሰማሁ ብዙ ጊዜ አሰላስየዋለሁ፤ እነርሱ በመጻሕፍት የሚያነቡትን የእኛ አገር ተማሪ ዛሬም በእግሩ የሚሄድበት መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነበር። የላሊበላን ዐለት የፈለፈሉት ሰዎች ስማቸው አልቀረልንም። በዚያ ዐለት ውስጥ የሚቈመውን ማሕሌት ያቆዩትን ግን ስማቸውን የሚያውቁ መምህራን በቤተ ልሔም አሉ፤ መምህር ከመምህር እየቈጠረ የሚያወርደው የትውልድ ሐረግ ስላለ። ተጓዡ ይህን ሐረግ በየኔታ ፈቃድ መዝግቦ ለመመለስ ቢችል ጉዞው ለመላው ማኅበራችን ጠቃሚ ይሆናል።

ቤተ ልሔም ከዋናው መንገድ ወጣ ብላ በስተ ደቡብ ስለምትገኝ የእግር ጉዞ ሳይቀር ይጠይቃል። ሕንፃዋም ለብቻው የሚነገርለት ነው። ከውጭ ሲታይ እንደ ማንኛውም የበጌምድር ቤተ ክርስቲያን ክብ የሣር ክዳን ቤት ይመስላል፤ በውስጡ ግን ከጥርብ ድንጋይ የተሠራ ጥንታዊ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ተሸሽጎ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1955 እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከናም ይህን አይቶ በመጽሐፉ ካወጣው በኋላ ለውጭ ሊቃውንት ታወቀ፤ ለአገሩ ካህናት ግን አዲስ ነገር አልነበረም። ከላሊበላ የመጣ ሰው ይህን ባለ አራት ማዕዘን ቅርጽ ሲያይ ያውቀዋል፤ ትናንት በዐለት ተፈልፍሎ ያየውን ዛሬ በግንብ ያየዋል። ዙሪያውን የከበበው ክብ ቤት ደግሞ ነገ በደብረ ታቦር የሚጠብቀው የኋለኛው ዘመን አሠራር ነው። ሁለቱን ከተሞች በአንድ ጣራ ሥር ያገናኘ ሕንፃ ይህ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በእግር ለመሄድ መንገድ ሲጠየቅ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ደገኛው ገበሬ ርቀትን የሚለካው በኪሎ ሜትር አይደለም። «ምሳ ሰዓት ይደርሳል»፥ «ከብት ሲገባ ይደርሳል»፥ «የግማሽ ቀን መንገድ ነው» ይላል፤ ልኩም ሸክም ለሌለበት የአገሩ እግር የተሰፋ ነው። «ቅርብ ነው» ማለት ብዙ ጊዜ መንገደኛውን ለማጽናናት የሚነገር የጨዋነት ቃል ስለ ሆነ፥ «እርስዎ ጠዋት ቢነሡ መቼ ተመልሰው ይገባሉ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። አንቱታውን መርሳት አይገባም፤ በዕድሜ የገፉትን «አባቴ»፥ «እናቴ»፥ ካህን ከሆኑ «አባ» ወይም «የኔታ» ብሎ የሚጠራ ወጣት መንገድ ብቻ ሳይሆን ጠላም ያገኛል።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፥ ከቤተ ልሔም መልስ፥ ጎብጎብ ታልፎ ጉና በስተ ደቡብ እየተቃረበ ይመጣል። ጉና ቁመቱ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል፤ ጓሳና ጅብራ የሚበቅልበት ብርዳም አናት ያለው ሲሆን፥ ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ክምር ድንጋይ በግርጌው ናት። ከዚህ ወደ ደብረ ታቦር ሲወረድ ባሕር ዛፉ እየበዛ፥ ቤቱ እየተቀራረበ ይሄዳል።

ደብረ ታቦርን የቈረቈሯት የየጁው ራስ ጉግሣ እንደ ሆኑ ይነገራል። በጥር 1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤና ራስ ዓሊ የተዋጉት በዚችው ከተማ አጠገብ ነው፤ ውቤ ድል አድርገው ሳለ በድል ድግሳቸው ላይ ተማረኩ። ዐፄ ዮሐንስም በኋላ በዚች ከተማ ይቀመጡ ነበር፤ በ1872 ዓ.ም. ጎርደን ፓሻን የተቀበሉት እዚህ ነው። ከቴዎድሮስ ቃጠሎ በኋላ ስለ ቀረው ጥቂት ነገር የከተማዋን ሽማግሌዎች መጠየቅ ይሻላል። ሁለተኛውን ሌሊት በደብረ ታቦር ማደር፥ ሦስተኛውን ቀን ለጋፋት መተው ተገቢ ነው።

ጋፋት ከከተማው ጥቂት ወጣ ያለ ኮረብታ ነው። ዋልድማየርና ጓደኞቹ፥ እነርሱም ወንጌል ለመስበክ የመጡ የእጅ ሥራ ሰዎች የነበሩ፥ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር መድፍ ያቀለጡት እዚህ ነው። ዛሬ በቦታው ብዙ የሚታይ ነገር የለም። ሴባስቶፖል ራሱ እስከ ዛሬ በመቅደላ አናት ላይ ነው፤ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው። ተጓዡ ጋፋትን መጨረሻ ላይ እንዲያይ የምመክረው ስለዚህ ነው፤ ተከዜን ተሻግሮ፥ የጋሸናን አቀበት ወጥቶ፥ የጨጨሆን ጠርዝ አይቶ ሲመጣ፥ ያ ብረት ከዚህ ኮረብታ ተነሥቶ የት ድረስ እንደ ተጐተተ እግሩ ያውቀዋል።

ሦስተኛ ቀን የሌለው ሰው የዥጣን አፋፍና ቤተ ልሔምን ለሌላ ጊዜ ትቶ፥ ከንፋስ መውጫ በማለዳ ተነሥቶ፥ ክምር ድንጋይን ሳይቆም አልፎ ጋፋትን ከቀትር በፊት ይድረስ፤ ከሰዓት በኋላ በጉና በኩል ደመና ከመጣ ኮረብታው ላይ ቆሞ የሚያየው ነገር አይኖርም።